ኤቲቪ፣ እንጨት መፍለጫና ተዳፋት፦ ዐሥር ቶን ማገዶ ስንት ጊዜ ይነሣል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በአራቱም ጎማ የሚነዳ ባለ 500 ሲሲ ኤቲቪ (ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል) አለኝ። 25 ቶን የሚል የተጻፈበት፣ በቤንዚን የሚሠራ የሃይድሮሊክ እንጨት መፍለጫም ገዝቻለሁ። በዓመት 15 ሜትር ኩብ ያህል የተደረደረ ማገዶ ያስፈልገኛል፤ ዛፉ ያለው ግን ተዳፋት ላይ ነው። መፍለጫውን ወደ ዛፉ ልጎትተው ወይስ ግንዱን ወደ ቤት ላምጣ? ዊንቹንስ (ኤቲቪው ላይ ያለውን፣ ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ለግንድ ልጠቀምበት? ኤቲቪው ዳገት ላይ ሲጎትት የጎማ መቃጠል የመሰለ ሽታ ያመጣል። መፍለጫው ደግሞ ጉጥ ያለበት እንጨት ሲገጥመው ሞተሩ ይጠፋል።»

መልስ፦ ቶኑንና ሲሲውን ለጊዜው እንተዋቸውና ክብደቱን እናስላ። እርጥብ ጠንካራ እንጨት ተፈልጦ ሲደረደር፣ በፍልጦቹ መሐል ያለው ክፍት ቦታ ታስቦ፣ አንዱ ሜትር ኩብ 650 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 15 ሜትር ኩብ ማለት እንግዲህ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ነው። እንጨቱ ከወደቀበት ወደ ተጎታች፣ ከተጎታች ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ መፍለጫ፣ ከመፍለጫ ተመልሶ መሬት፣ ከዚያ እንደገና ተጎታች ላይ፣ በመጨረሻ ክምር ላይ ከተቀመጠ ስድስት ጊዜ እጅ ነክቶታል፤ ይኸውም 60 ቶን ነው። ወገብ የሚሰብረው ፍለጣው ሳይሆን ይህ መመላለስ ነው። የኤቲቪውም የመፍለጫውም ጥቅም የሚለካው ከስድስቱ ስንቱን ባስቀሩልዎት ነው።

ስለዚህ መፍለጫውን ተዳፋቱ ላይ አያውጡት፣ ግንዱንም ቤት ድረስ አያምጡት። ከዛፎቹ ግርጌ፣ መንገዱ ከሚደርስበት ላይ፣ 5 በ8 ሜትር የሚሆን ደልዳላ ቦታ ያዘጋጁ። ተጎታቹ ወደ ኋላ ሳይሄድ ዞሮ የሚወጣበት ሊሆን ይገባል፤ አጭር ተጎታች በኤቲቪ ወደ ኋላ ማስኬድ ልምድ ያለውንም ሰው ያታክታል። ግንዱ እዚያ ይወርዳል፣ እዚያው ይቆረጣል፣ እዚያው ይፈለጣል። መፍለጫው በዓመት አንድ ጊዜ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፤ ፍልጡን እርጥቡን ወደ ቤት አያጓጉዙት። አዲስ በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ለ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 80 ኪሎ ውኃ አለ እንበል (እንደ ዛፉ ዓይነት ከዚህ ይበልጣል ወይም ያንሳል)። ይህ 180 ኪሎ ለማገዶ የሚመቸው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ውኃው 20 ኪሎ ሲሆን፣ 120 ኪሎ ይሆናል። ሲሦው ክብደት በፀሐይና በንፋስ በነጻ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያው ደልዳላው ቦታ ላይ፣ ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ አግዳሚ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ደርድረው ይተዉት። ከላይ ብቻ ይሸፍኑት፣ ጎኑ ይተንፍስ። ምስጥ ያለበት መሬት ከሆነ ከእንጨት ድንጋይ ይሻላል። ለስላሳው እንጨት ከ6 እስከ 12 ወር፣ ጠንካራውና ወፍራሙ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። መድረቁን በእርጥበት መለኪያ ሲያዩ የቆየውን የፍልጡን ጫፍ አይለኩ፤ አንዱን እንደገና ፈልጠው አዲስ የተከፈተውን ፊት ይለኩ። ከ20 በመቶ በታች ካሳየ ደርሷል። 10 ቶኑ ያን ጊዜ ከ7 ቶን ብዙም አይበልጥም፤ የኤቲቪዎ ጉዞም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ግንዱን ከተዳፋቱ ማውረድ

ለማሰብ እንዲመች፦ 30 ሳንቲሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ጠንካራ ግንድ 210 ኪሎ ያህል ነው። 40 ሳንቲሜትር ውፍረትና 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጉማጅ 50 ኪሎ፣ ውፍረቱ 60 ሲሆን ግን 113 ኪሎ ይሆናል። ውፍረቱ በግማሽ ሲጨምር ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ዘለለ፤ በዓይን ሲገምቱት የሚያሳስተው ይህ ነው።

እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚወፍረውን ቅርንጫፉን መልምለው በ3 ሜትር ቆርጠው ይጎትቱት። የግንዱን አፍንጫ ከመሬት የሚያነሣ ባለ ሁለት ጎማ ቅስት ቢኖርዎ ሥራው ሌላ ይሆናል። መሬት ለመሬት የሚጎተት ግንድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆን የመጎተት ኃይል ይጠይቃል፣ ጉቶ ሲያገኝ ይሰካል፣ ጭቃና ጠጠርም ይሰበስባል፤ የሞተር መጋዝዎን ሰንሰለት በአንድ ቆረጣ የሚያደነዝዘው ያ ጠጠር ነው። ቅስት ከሌለ ግንዱን ከአፍንጫው 30 ሳንቲሜትር ገባ ብለው በሰንሰለት አንቀው፣ አፍንጫው ከፍ እንዲል ሰንሰለቱን አሳጥረው ይያዙ።

ሰንሰለቱ የሚታሰረው ሁልጊዜ በፋብሪካው የመጎተቻ ቦታ፣ ከኋላ አክሱል መስመር በታች ነው። ዕቃ መጫኛው ላይ ወይም ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ብረት ላይ ካሰሩት ግንዱ ጉቶ ሲይዘው የኤቲቪው ፊት ይነሣና ወደ ኋላ በአሽከርካሪው ላይ ይገለበጣል። ይህ ሲሆን ለመዝለል የሚበቃ ጊዜ አይኖርም።

ቁልቁለት ላይ በሰንሰለት ብቻ የታሰረ ግንድ አይጎትቱ። ሰንሰለት ይጎትታል እንጂ አያቆምም፤ ግንዱ ከኤቲቪው ፈጥኖ ይንሸራተትና የኋላ ጎማዎን ይመታል። ቁልቁል ለማውረድ ክንዱ ድፍን ብረት የሆነ ቅስት ወይም ከታች ሆኖ የሚስብ ዊንች ያስፈልጋል። ከ50 ሳንቲሜትር በላይ የሚወፍረውን ደግሞ እንዳለ ለማንቀሳቀስ አይታገሉ፤ በቆረጡበት ቦታ በሽብልቅና በመዶሻ ለሁለት ወይም ለአራት ከፍለው በተጎታች ያውርዱት። ጉማጁን ተዳፋት ላይ አንከባልሎ ማውረድ ቀላል ይመስላል፤ 113 ኪሎ ጉማጅ አንዴ ከሄደ በኋላ ግን የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው።

ዊንቹ

ይጠቀሙበት፣ ግን እንደ ዋና መጎተቻ ሳይሆን ከመጥፎ ቦታ ማውጫ አድርገው። ዊንቹ ላይ የተጻፈው ኃይል፣ ለምሳሌ 1100 ኪሎ፣ የሚሠራው ገመዱ ሁሉ ተፈትቶ የመጀመሪያው ድርብ (የገመድ ንብርብር) ብቻ መጠቅለያው ከበሮ ላይ ሲቀር ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ድርብ ከኃይሉ ከ10 በመቶ በላይ ይወስዳል፤ ገመዱ ሊሞላ ሲል ከተጻፈው ሲሦው ጠፍቷል። አንድ መዘውር ዛፍ ላይ ሳይሆን ግንዱ ላይ አስረው የገመዱን ጫፍ ወደ ኤቲቪው አጠገብ ወዳለ ዛፍ ቢመልሱት ኃይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጫፉ ላይ ያለውን ጋንቾ በራሱ ገመድ ላይ መልሰው አያጥምዱት፤ ገመዱ እዚያው ነጥብ ላይ ይቆረጣል። ለግንዱ የተለየ አጭር ሰንሰለት ይያዙ። ከበሮው ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ 5 ዙር ይቅር፤ ሠራሽ ገመድ ከሆነ ስለሚያንሸራትት ከዚያም ይብዛ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ብዙ ሰው አያሰላም። በሙሉ ጭነት ላይ ያለ ዊንች ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፣ በ12 ቮልት ከ1200 ዋት በላይ መሆኑ ነው። የኤቲቪ ዲናሞ የሚያመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዋት ሲሆን ከዚያም መብራቱና የሞተሩ ማቀጣጠያ ይቀነሳል። ቀሪውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ስበት፣ ከዚያ ሞተሩን ከፍ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ዕረፍት። የዊንቹን ሞተር በእጅዎ ይንኩት፤ መዳፍ የማያስቀምጥ ከሆነ ይቁም።

ስበት ላይ ፍሬን ብቻ አይመኑ። ከባድ ግንድ ኤቲቪውን ራሱን ወደ ግንዱ ይጎትተዋል፤ የኋላውን መጎተቻ ጠንካራ ዛፍ ላይ ይሰሩት። የተወጠረ ገመድ መሐል ላይ ወፍራም ጃኬት ወይም ጆንያ ይጣሉበት፣ ማንም ሰው የገመዱን ርዝመት ያህል ካልራቀ ስበቱን አይጀምሩ።

መጎተት ሳይሆን መቆም

ባለ 500 ሲሲ ኤቲቪ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የመመሪያ መጽሐፉ ላይ የመጎተት ልኩን ያያሉ፤ ለዚህ መጠን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ነው። ሦስት ነገሮች ግን አብረው መነበብ አለባቸው፦ ቁጥሩ የተጎታቹን የራሱን ክብደት ይጨምራል፣ ለደልዳላ መሬት ነው፣ ፍሬን ስለሌለው ተጎታችም ምንም አይነግርዎትም። ኤቲቪው ራሱ 300 ኪሎ ያህል ነው። 500 ኪሎ ተጎታች ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋው ጎማው ፍሬን ይዞም ይንሸራተታል፣ ተጎታቹ ወደ ጎን ታጥፎ ኤቲቪውን ይገለብጠዋል። እኔ የምመክረው ተዳፋት ባለበት መንገድ ጠቅላላውን ከ250 እስከ 300 ኪሎ፣ ማለትም ከኤቲቪው ክብደት እንዳይበልጥ ነው። ጉዞው ይበዛል፤ ይብዛ።

ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ዝቅተኛውን ማርሽና የአራቱን ጎማ መንጃ ያስገቡ፣ ቀጥ ብለው ይውረዱ፣ ነዳጁን ለቀው ሞተሩ ራሱ ይያዝዎ፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ በቀስታ ይንኩት። ተዳፋቱን በጎን ማቋረጥም፣ ተዳፋት ላይ መታጠፍም የለም። ዳገት ላይ ኤቲቪው እምቢ ካለ ባዶ ማርሽ አያስገቡ፣ ከነተጎታቹ ወደ ኋላ ለመውረድም አይሞክሩ። ፍሬኑን ይዘው ያቁሙ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ይቆልፉ፣ በላይኛው ጎን ወርደው የተጎታቹ ጎማ ሥር ሽብልቅ ያስገቡ፣ ከጭነቱ ግማሹን ያውርዱ። ሁለት የእንጨት ሽብልቅ ከኤቲቪው አይለዩ።

ከተጎታቹ ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መጋጠሚያው ላይ ይረፍ፤ 300 ኪሎ ጭነት ከሆነ 30 ኪሎ። በሰውነት ሚዛን ላይ የመጎተቻውን ክንድ አሳርፈው መለካት ይቻላል። ከዚህ ሲያንስ ተጎታቹ ይወዛወዛል፣ ከኋላ ብቻ ከተጫነም የኤቲቪውን የኋላ ጎማ ወደ ላይ ያነሣዋል። ተጎታቹ የሚገጠምበትን የብረት ኳስ ይፈትሹ፦ 47.6 እና 50.8 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ኳሶች በዓይን አይለያዩም። ለትልቁ የተሠራ መጋጠሚያ ትንሹ ላይ ይቀመጣል፣ የተቆለፈም ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይወልቃል። ከቆለፉ በኋላ ክንዱን በሁለት እጅ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ኤቲቪው አብሮ ከተነሣ ልክ ነው።

የኤቲቪ ጎማ የሚነፋው በጣም ትንሽ ነው፣ ከ0.35 እስከ 0.5 ባር አካባቢ። የመኪና መለኪያ እዚያ ቁጥር ላይ ልዩነት አያሳይም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ይግዙ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በትንሹ ከተለያዩ እንኳ ጭነት ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

መፍለጫውን ሲጎትቱ ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። የዚህ መጠን ማሽን ከ200 እስከ 280 ኪሎ ይመዝናል፣ ሞተሩና የዘይት ታንከሩ ከፍ ብለው የተቀመጡ፣ ጎማዎቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ከወጣ በቀላሉ ይወድቃል። እንጨት የሚቀመጥበትን አግዳሚ ብረት ዝቅ አድርገው በፒን ይቆልፉ፣ የነዳጁን ቧንቧ ይዝጉ፤ ክፍት ከተተወ በመንገጫገጩ ቤንዚን በካርቡራቶሩ በኩል ወደ ሞተሩ ዘይት ሊወርድ ይችላል። በሰዓት 10 ኪሎሜትር ይበቃል። የጎማዎቹ ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ግሪስ ይፈልጋል።

  

ሽታው ከየት ነው?

ጎማ ሳይሆን ቺንጋ ነው። አብዛኞቹ ኤቲቪዎች ኃይሉን ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚያደርሱት በሁለት ተንሸራታች ጎድጓዳ መዘውሮች መሐል በሚዞር ቺንጋ ነው። በከፍተኛው ማርሽ ላይ ቀስ ብለው ከባድ ነገር ሲጎትቱ መዘውሩ ቺንጋውን አጥብቆ ለመያዝ የሚበቃ ዙር ስለማያገኝ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል። መፍትሔው በአብዛኛው በነጻ ነው፦ ተጎታች ባለ ቁጥር፣ በሰዓት ከ15 ኪሎሜትር በታች በሚነዱም ቁጥር ዝቅተኛው ማርሽ ይግባ። ዳገት ላይ ደግሞ በፍሬን ፈንታ ነዳጅ እየሰጡ መቆም ቺንጋውን በደቂቃዎች ያበላሸዋል።

አሁን ግን ሽታው ስለመጣ ሽፋኑን ከፍተው ማየት ግድ ነው። የቺንጋው ጎን እንደ መስተዋት የሚያበራ ከሆነ፣ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ የተበላ ጉድጓድ ካለው ይቀየር። ኤቲቪው ሲነሣ የሚያንቀጠቅጠው ያ ጉድጓድ ነው። ወርዱን ለክተው መመሪያው ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ ጋር ያስተያዩ። የመዘውሮቹን ፊት በአልኮል ይጥረጉ፤ ዘይት ወይም ግሪስ ጠብታ እንኳ እንዳይነካው። አዲስ ቺንጋ ሲገባ የተጻፈውን የአዟዟር አቅጣጫ ይጠብቁ፣ የመጀመሪያዎቹን 30 እስከ 50 ኪሎሜትሮችም ያለ ጭነት ይንዱት። ከከባድ ዳገት በኋላ ወዲያው አያጥፉ፤ ባዶ ማርሽ ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሠራ የመዘውሩ ማራገቢያ ሙቀቱን ያወጣል። የመጋዝ ብናኝም የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ይዘጋል፤ በማገዶ ወቅት በየሳምንቱ ይታይ።

መፍለጫው

በቅድሚያ 25 ቶን የሚለው እውነት መሆኑን ይመልከቱ። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት በሳንቲሜትር በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.785 ተባዝቶ፣ በባር በተሰጠው ግፊት ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ኃይሉ በቶን ይገኛል። በ200 ባር 10 ሳንቲሜትር ሲሊንደር 15.7 ቶን፣ 12.5 ሳንቲሜትር ደግሞ 24.5 ቶን ይሰጣል። ከውጭ ከለኩ የግድግዳውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ይቀንሱ። የእርስዎ 10 ሆኖ ከተገኘም አይዘኑ፤ ቀጥ ያለ እንጨት 10 ቶን አይጠይቅም፣ 15 ቶን የማይበግረው ጉማጅም ብዙውን ጊዜ አቀማመጡ የተበላሸ ነው።

ቦታው ደልዳላ፣ ጎማው በሽብልቅ የታገደ፣ የጭስ ማውጫው ንፋስ ወደሚሄድበት የዞረ ይሁን። ዝናብ መጣ ብለው መጋዘን ውስጥ አያስነሡት፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። የሃይድሮሊክ ዘይቱን መግፊያው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳለ ይለኩ፤ ወጥቶ ሳለ ከለኩና ከሞሉ ሲመለስ ይፈሳል። ለብርድ ቦታ 32፣ ለሞቃት 46 የሚል የውፍረት ቁጥር ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ይሁን። ጠዋት ባዶውን አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱት። ፍለጣ ላይ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ፓምፑ የተሠራው በደቂቃ 3600 ዙር አካባቢ ለሚዞር ሞተር ነው፣ በግማሽ ነዳጅ መሥራት ቁጠባ አይደለም።

እንጨቱ ሁለቱም ጫፉ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ሰያፍ የተቆረጠ ጉማጅ ግፊት ሲመጣበት ወደ ጎን ተፈናጥሮ ይወጣል። ርዝመቱ ከምድጃው ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ይነስ። ጉጥ ወይም መንታ ካለበት፣ ሽብልቁ ጉጥ ከሌለበት ጫፍ ይጀምር፣ ጉጡ መጨረሻ ላይ ይድረስ፤ እስከዚያ ስንጥቁ ተከፍቶ ግማሹ ሥራ አልቋል። ትልቅ ጉማጅ መሐሉን አይውጉ፤ ከዳር ዳር 10 ሳንቲሜትር ያህል እየላጡ ዙሪያውን ይምጡ። ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነው የማሽኑን አግዳሚ ብረት ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይጠቀሙ፣ ጉማጁን እያንከባለሉ ሥሩ ያስገቡ። ከስድስቱ ማንሣት አንዱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እርጥቡን መፍለጥ ከደረቁ ይቀላል፤ ጭረቱ የተጠማዘዘ እንጨት በተለይ ከደረቀ በኋላ ለመፍለጥ ያስቸግራል።

ማንሻውንም እንጨቱንም አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። አንዱ እንጨት ሲያስቀምጥ ሌላው ማንሻ ሲገፋ ነው ጣት የሚሄደው። እጅ የጉማጁን ጎን ይያዝ፣ ጫፉን በጭራሽ። ወደ ፊት የሚገፋውን ማንሻ በገመድ አስሮ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ሲለቁት እንዲቆም የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ቱቦ ሲያንጠባጥብ ካዩ በእጅዎ አይዳስሱት። ከመርፌ ቀዳዳ በ200 ባር የሚወጣ ዘይት ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው። ቀዳዳውን ራቅ ብለው በካርቶን ይፈልጉ፤ ቱቦውን ከመንካትዎ በፊት ግን ሞተሩን አጥፍተው፣ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ አድርገው ግፊቱን ይልቀቁ።

አሁን ሞተሩ ጉጥ ላይ ለምን ይጠፋል ወደሚለው እንምጣ። ፓምፑ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ውስጡ ሁለት ጥንድ ጥርስ አለ። መግፊያው ባዶ ሲሄድ ሁለቱም አብረው በደቂቃ 42 ሊትር ያህል ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ግፊቱ ከ45 እስከ 60 ባር ሲደርስ ትልቁ ጥንድ በባልቦላ ተለቆ ዘይቱን ያለ ጭነት ያዞራል፣ ትንሹ ብቻውን በ11 ሊትር እስከ 200 ባር ይገፋል። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል፦ ሊትር በደቂቃ በባር ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል የሚያስፈልገውን ኪሎዋት ይሰጣል። 42 በ200 ባር 14 ኪሎዋት ነው፤ በማሽኑ ላይ ያለው ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር 4.8 ብቻ ነው ያለው። 11 በ200 ባር ግን 3.7 ነው፣ ይበቃል።

ስለዚህ ጆሮዎን ይስጡ። ጤነኛ ማሽን እንጨቱን ሲነካ ድምፁ ለአንድ አፍታ ይከብድና ወዲያው ይቀልለዋል፣ መግፊያውም ቀስ ይላል። ፍጥነቱን ሳይቀንስ እየገፋ በድንገት ከጠፋ ትልቁ ጥንድ አልተለቀቀም፦ የመልቀቂያው ባልቦላ በቆሻሻ ተይዟል፣ ወይም ብሎኑን ሰው አጥብቆታል፣ ወይም ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍሯል። ባልቦላውን ከፍተው ያጥቡት፣ ዘይቱንና ማጣሪያውን አብረው ይቀይሩ፤ የአዲስ ማሽን የመጀመሪያው ማጣሪያ ከ25 እስከ 50 ሰዓት ሥራ በኋላ መቀየር ያለበት የፋብሪካ ብረት ብናኝ ስለሚሰበስብ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ አረፋ ከሆነ ደግሞ ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ አየር ይስባል።

ድምፁ ተቀይሮ፣ መግፊያው ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም፤ ኃይል ያጣው ሞተሩ ነው። የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ያረጀ ቤንዚን፣ ሳይመለስ የቀረ የማስነሻ ማነቂያ በዚህ ቅደም ተከተል ይታዩ። ከፍታም አለ። ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ በ2500 ሜትር ላይ 4.8 የነበረው ወደ 3.6 ኪሎዋት ይወርዳል፣ 3.7 የሚጠይቀውን ፓምፕም መሸከም አይችልም። ምንም ሳይበላሽ ጉጥ በመጣ ቁጥር የሚጠፋ አዲስ ማሽን ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ለከፍታ የሚሆን አነስ ያለ የካርቡራቶር ቀዳዳ ማስገባት ከጠፋው ጥቂቱን ይመልሳል። ቀሪው የሚስተካከለው ከፍተኛውን ግፊት ወደ 160 ባር በማውረድ ነው፤ ያን ጊዜ ፓምፑ የሚጠይቀው ወደ 2.9 ኪሎዋት ይወርዳል፣ ፓምፑ ራሱ ለሚያባክነውም ትርፍ ይኖራል። 12.5 ሳንቲሜትር ሲሊንደር አሁንም 19.6 ቶን ይሰጣል።

ተቃራኒው ችግር፣ ማለትም ሞተሩ ሳይጠፋ መግፊያው እንጨቱ ላይ ቆሞ የሚያፏጭ ከሆነ፣ የከፍተኛ ግፊት መልቀቂያው ዝቅ ብሏል ወይም የሲሊንደሩ ጎሚኒ ዘይት ያሳልፋል። ሞተሩ እየዞረ ፓምፑ ምንም የማይሰጥ ከሆነ በመሐላቸው ያለው የመጋጠሚያ ጎማ ተበልቷል።

ግን ከእነዚህ ብሎኖች አንዱንም በግምት አይንኩ። ከፓምፑ መውጫ ላይ እስከ 350 ባር የሚያነብ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ይግጠሙ፣ መግፊያውን ባዶውን እስከ መጨረሻው ገፍተው ማንሻውን ለሁለት ሴኮንድ ይያዙ፣ ቁጥሩን ያንብቡ። የመቆለፊያውን ዳዶ አላልተው ብሎኑን ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፣ ዳዶውን መልሰው ያጥብቁ፣ እንደገና ያንብቡ። ከ200 በላይ ካሳየ፣ ማሽኑ እጅዎ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል፤ የቱቦዎቹ ላይ የተጻፈውን የግፊት ልክ ሳያዩ ሥራ አይጀምሩበት።